የወተት መለኪያውና የኤክስቴንሽን ተማሪው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት አካባቢዎች መካከል ናቸው፤ በተለይ ሱሉልታ በድርቆሹና በወተቱ ይታወቃል። ወተት በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ አንድ ትንሽ የፊዚክስ ፈተና ይካሄዳል። ተረካቢው ላክቶሜትር የተባለውን መሣሪያ ወተቱ ላይ ያንሳፍፈዋል። የፈሳሹ እፍግታ ዝቅ ባለ ቁጥር መሣሪያው ይበልጥ ይሰምጣል፤ ሥራው በአርኪሜደስ ሕግ ነው። የአንድ ሊትር ውኃ መጠነ ቁስ 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ የጥሩ ላም ወተት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ1.028 እስከ 1.032 ገደማ ነው። ንባቡ ከዚህ ካነሰ ወተቱ ውኃ ገብቶበታል ተብሎ ይጠረጠራል።

ይሁን እንጂ ወተት ሲሞቅ ስለሚስፋፋ እፍግታው ይቀንሳል። ለ20 ዲግሪ በተሠራ መሣሪያ፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ በ0.0002 ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ 1.029 የነበረው ወተት በ30 ዲግሪ ቢለካ 1.027 ያሳያል፤ ጠብታ ውኃ ያልጨመሩ እናት ስማቸው ይጠፋል። በአንጻሩ ቅባት ከውኃ ስለሚቀል፣ ክሬሙን ገፎ ውኃ የሚጨምር ሰው ንባቡን መልሶ ያስተካክለዋል። ላክቶሜትሩ ብቻውን ይህን ሰው አይዘውም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ግብርና ኤክስቴንሽን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመናገር ነው። ተማሪው ኤቨረት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመውን የፈጠራ ሥርጭት ንድፈ ሐሳብ፣ የመጠይቅ አዘገጃጀትንና የሪግሬሽን ስሌትን ይማራል። የመመረቂያ ጽሑፉም ብዙ ጊዜ «አርሶ አደሩ ቴክኖሎጂውን ለምን አልተቀበለም?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ግን ቴክኖሎጂው በዚያ ደጃፍ በትክክል ይሠራል ወይ የሚለው መቅደም ነበረበት። ወተታቸው የተመለሰባቸውን እናት መጠይቁ «ለማኅበሩ ማስረከብ አይፈልጉም፤ የትምህርት ደረጃ፦ ያልተማሩ» ብሎ ይመዘግባቸዋል። አንድ ቴርሞሜትር ምክንያቱን በደቂቃ ይገልጠው ነበር።

የአለማያ (የዛሬው ሐረማያ) የእርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. እስከ 1963 ትምህርቱን፣ ምርምሩንና ኤክስቴንሽኑን በአንድነት ይዞ ነበር፤ ከዚያ ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1997 ዩኒቨርሲቲው ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች በጀመረው የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብር ተማሪው ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ በክትትል ፕሮጀክት እንዲሠራ ተደርጓል። ለማስተርስ ተማሪም ይኸው ይገባዋል፤ አንድ ወቅት ሙሉ ከአንድ የወተት ማኅበር ጋር ውሎ ይለካ፣ ያስረዳ፣ ይታረም። ወቅቱ ዐቢይ ጾምን ቢጨምር ደግሞ ይመረጣል፤ የከተማው ፍላጎት በሚቀንስበት በዚያ ጊዜ በስሕተት የተመለሰ ወተት ሌላ ገዢ ማግኘቱ ይከብዳል።