ለመርሳ የሚነደው ሩቅ ምድጃ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ሀብሩ ወረዳን ከውርጌሳ እስከ ሲሪንቃ ሰንጥቆት ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ ክረምት ከበጋ ከማይጠፉት ጭነቶች አንዱ ሲሚንቶ ነው። ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ከሰሜን የመቀሌው መሰቦ፣ ከደቡብ ደግሞ የሙገር፣ የደርባና የዳንጎቴ ሲሚንቶ በተሳቢ መኪና ይመጣ ነበር። አንድ ተሳቢ እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ወልድያም ሆነች የሀብሩዋ መርሳ ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ የላቸውም። ጭሱም አቧራውም ሌላ ቦታ ይቀራል፤ እዚህ የሚደርሰው ከረጢቱና ዋጋው ብቻ ነው።

ወልድያ ደግሞ ሲሚንቶ በእጅጉ ያስፈልጋታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ቆይታ ሆስፒታሏ፣ ዩኒቨርሲቲዋና ትምህርት ቤቶቿ ተዘርፈው፣ ተሰባብረው ነው የቀሩት። ከጦርነቱ በኋላ ለመልሶ ግንባታ ሲሚንቶ በሚፈለግበት ሰዓት መሰቦ ሥራ አቁሞ ስለነበር በመላ አገሪቱ እጥረቱ ከፋ፤ ዋጋው ናረ፤ መንግሥት ስርጭቱን እስከ መቆጣጠር ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ ዓለም «ከባድ ኢንዱስትሪ የካርቦን ልቀቱን ይቀንስ» ሲል፣ ነገሩ ቤቱን ግማሽ ድረስ አንስቶ ለቆመ የመርሳ ነዋሪም ይመለከተዋል። ለመወያየት ግን መጀመሪያ ምድጃውን ማወቅ ይገባል።

የሲሚንቶ ምድጃ ተጋድሞ የሚሽከረከር ረጅም የብረት ቧንቧ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ ርዝመቱ 60 ወይም 70 ሜትር ይሆናል፤ ስፋቱ ደግሞ አይሱዙ ከነጭነቱ የሚያሳልፍ ነው። ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ ሆኖ ወደ አንድ ጫፍ በትንሹ ዘንበል ይላል፤ በደቂቃ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይዞራል። ከላይኛው ጫፍ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ድብልቅ ይገባል። ከታችኛው ጫፍ ነዳጅ እየተነፋ ይነድዳል፤ የነበልባሉ ሙቀት ወደ 2000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ዱቄቱ ምድጃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በአንድ ረጅም ማማ ላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ እየወጣ ያሞቀዋል። ከዚያ ቧንቧው ውስጥ እየተንከባለለ 1450 ዲግሪ ሲደርስ በከፊል ቀልጦ ይጣበቅና ግራጫ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ይህ እንክብል ክሊንከር ይባላል። በአየር ቀዝቅዞ፣ ጥቂት ጀሶ ተጨምሮበት ሲፈጭ ሲሚንቶ ሆነ ማለት ነው።

ምድጃው አንዴ ከተለኮሰ ሌትና ቀን መንደድ አለበት። መብራት በድንገት ሲጠፋ ቧንቧው መዞሩን ያቆማል፤ ጡቡ በሙቀት መለዋወጥ ይሰነጠቃል፤ ብረቱም በአንድ ጎኑ ሊጎብጥ ይችላል። ቀዝቅዞ እንደገና እስኪግል ድረስ አንድ ኩንታል ሳያመርት ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ አስተማማኝ መብራት ራሱ ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ይህን ስለ ልቀት በሚወራበት መድረክ ላይ ሲነሳ ብዙ አልሰማም፣ ሊነሳ ግን ይገባዋል።

አሁን ወደ ጋዙ እንምጣ። ኖራ ያቃጠለ ሰው ድንጋዩ ከእሳቱ ሲወጣ ቀልሎ እንደሚያገኘው ያውቃል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይተናል። በሲሚንቶ ምድጃም የሚሆነው ይኸው ነው። ከሚወጣው የካርቦን ጋዝ ከአሥር ስድስት እጅ ያህሉ ከድንጋዩ፣ አራት እጁ ከሚነደው ነዳጅ ነው። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብናግለው እንኳ ድንጋዩ ውስጥ የታሰረው ጋዝ መውጣቱ አይቀርም። በመላው ዓለም ሰው ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ያህሉ ከሲሚንቶ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ሒሳቡን በኩንታል ብናወርደው ይቀልላል። አንድ ኪሎ ክሊንከር ሲሠራ 850 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣል። ኦፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከሞላ ጎደል ክሊንከርና ጀሶ ስለሆነ ለአንድ ኩንታል 80 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይለቀቃል። ፒፒሲ የሚባለው ግን ከክሊንከሩ ሲሶ ያህሉ ተቀንሶ በምትኩ ከስምጥ ሸለቆ የሚቆፈር ፑሚስ፣ ማለትም እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል ድንጋይ፣ ሳይቃጠል ተፈጭቶ ይገባበታል። የእሱ ጋዝ ወደ 60 ኪሎ ይወርዳል። ግንበኞቻችን ለግንብና ለልስን የሚመርጡት ይኸኛውን ነው፤ ኦፒሲን ለአርማታ ያስቀሩታል። ሀገራችን ይህን ያደረገችው ለአየር ንብረት ብላ አልነበረም፤ ክሊንከር ውድ፣ ፑሚስ ርካሽ ስለሆነ እንጂ። ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ በደርግ ዘመን ሙገር፣ ቆይቶም መሰቦና ደርባ መጡ። ዳንጎቴ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚገኘው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ደግሞ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቆ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ይዞ ተነሣ። ምድጃዎቹ ድሮ ከውጭ በሚገባ ከባድ ዘይት ይነድዱ ነበር፤ ዘይቱ ሲወደድ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ለአንድ ቶን ክሊንከር ከ120 እስከ 150 ኪሎ ጥሩ ከሰል ይነድዳል። ለብዙ ዓመታት ከሰሉ በጅቡቲ በኩል በዶላር ይገባ ነበር፤ አሁን የአገር ውስጡ እየተካው ነው። ለወሎ ሰው የሚቀርበው ከሰል ከውርጌሳ በስተደቡብ ያለው የውጫሌው ነው፤ ጂኦሎጂስቶች ከአገሪቱ የከሰል ሥፍራዎች ጋር ይጠቅሱታል። ከሰል ከውጭ መጣም ከውጫሌ፣ ሲነድ ጋዙ አንድ ነው። የአገር ውስጥ ከሰል ምንዛሬ ያድናል፤ ሰማዩን ግን አያድንም፤ ሁለቱን ጥቅሞች መደበላለቅ አይገባም።

በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የአገሪቱን ዓመታዊ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ ነበር ያሰላው። ከዚህ ውስጥ የኢንዱስትሪው ድርሻ ከመቶ ሦስት፣ ማለትም አራት ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ያህሉም የሲሚንቶ። ምንም ካልተደረገ ግን እ.ኤ.አ. በ2030 የኢንዱስትሪው ልቀት ወደ 71 ሚሊዮን ቶን እንደሚያሻቅብ ሰነዱ አስጠነቀቀ። እንደኔ ፍትሕ የሚመዘነው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። በዓለም ላይ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 500 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ሲደርሰው ኢትዮጵያዊው የሚደርሰው ከ100 ኪሎ በታች ነው። ስለዚህ «ትንሽ ገንቡ» የሚል ምክር ለመርሳ ሰው ሊሰጥ አይገባም፤ ገና የትምህርት ቤቱን ወለል አልለሰነም፤ የድልድዩን ምሰሶ አልጨረሰም። ልንጠይቀው የምንችለው ኩንታሉ በምን እንደነደደና ውስጡ ምን እንዳለበት ነው።

በምን ይንደድ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የእርሻ ተረፈ ምርት ነው፤ የቡና ገለባ፣ የሰሊጥ አገዳ፣ የሩዝ ገለባ። በሁመራና በመተማ ሰሊጥ ከተራገፈ በኋላ አገዳው እርሻው ላይ በእሳት የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ለምድጃ ቢገዛ ለገበሬውም ለፋብሪካውም ይጠቅማል። ይህን አሳብ ወደ ሀብሩ ስናመጣው ግን ይበላሻል። ሀብሩ ላይ የማሽላ አገዳ ትርፍ አይደለም። ከመኸር በኋላ ተከምሮ የበጋው የከብት መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ አጥርና የጎጆ ክዳንም ይሆናል። ዝናብ ያጠረ ዓመት አገዳው ያለቀበት ገበሬ በሬውን በርካሽ ይሸጣል። አንድ ፋብሪካ በጥሬ ገንዘብ አገዳ መግዛት ቢጀምር ድሃው ገበሬ መጀመሪያ ይሸጣል፤ ግንቦት ላይ ደግሞ ከሸጠበት አስበልጦ መኖ ይገዛል። በወረቀት ላይ ካርቦኑ የተቀነሰ ይመስላል፤ ጎድሎ የሚገኘው ግን የገበሬው በረት ነው። የማንም ምድጃ ወደዚያ እንዲሄድ አልመኝም።

ከሀብሩ በስተምሥራቅ፣ ቆላው ወርዶ አፋርን ሲነካ፣ ሌላ ዓይነት ነዳጅ አለ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በደርግ ዘመን በረሃማነትን ይገታል ተብሎ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ተተከለ። ከብቶችና ግመሎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ተሸክመው አዛመቱት፤ ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወሯል። ሣሩን ያጠፋል፤ ወደ ወንዝ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ እሾሁ የከብቱን ሰኮና ይወጋል። እንጨቱ ግን ከባድና ሙቀቱ ከፍተኛ ስለሆነ በከሰል ምትክ ለሲሚንቶ ምድጃ እንዲውል ሲጠና ቆይቷል። ይህ ከሁሉም አማራጮች ልቤን የሚስበው ነው። የምድጃው ሆድ ሊጠቅም የሚችለው ለአርብቶ አደሩ ጠላት የሆነውን ዛፍ ስለሚበላ ነው። ግን ሁለት ነገር ካልተጠበቀ ይበላሻል። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና በርትቶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ከሥሩ ካልተነቀለና ቦታው ሣር ካልተዘራበት ወረራውን መከርከም እንጂ ማስወገድ አይሆንም። ሁለተኛው፣ መሬቱ የጎሳና የማኅበረሰብ የግጦሽ መሬት ነው። የእንጨቱ ዋጋ ለነጋዴ ብቻ ሄዶ አርብቶ አደሩ በቀን ሠራተኛነት ከቀረ ከከሰል ስንወጣ ማንም አይጎዳ የሚለው «ፍትሐዊ ሽግግር» ባዶ ቃል ይሆናል። ከሰል ለሚቆፍሩትና ከሰል ለሚያመላልሱት ሾፌሮችም ያው ጥያቄ አለ፤ እንጨቱን የመቁረጡ፣ የመፍለጡና የመጫኑ ሥራ ለእነሱም ሊከፈት ይገባል።

ስለ መጓጓዣ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተሳቢው ይህን ሁሉ በናፍጣ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ጋር የተፈረመውና ወልድያ አቅራቢያ የሚደርሰው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መሥመር 392 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከሞላ ጎደል ከውኃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል ተብሎ የታሰበ ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ግንባታው ሲገባደድ ኃይል አልደረሰለትም፤ ቆሞ ሳለ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደረሰና ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተሰበረ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሐራው ሐዲድ ግን አሁንም ባቡር አላየም። ስለ ከባድ ኢንዱስትሪ ሽግግር በአገር ደረጃ ሲታቀድ ይህ መሥመር ከፊት ረድፍ ቢቀመጥ ተገቢ ነው።

ከነዳጁ ይልቅ ትልቁ ቅነሳ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ስድስት እጁ ጋዝ ከድንጋዩ ነው ብለናልና። በኖርዌይ ብሬቪክ የሚገኝ ፋብሪካ ጋዙን ከጭስ ማውጫው እየያዘ ከባሕር ወለል በታች እንዲቀበር በማድረግ በዓመት 400 ሺህ ቶን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ጀምሯል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ወጪው ግን የመንግሥት ድጎማ ካልታከለበት የሚቻል አይደለም። ለእኛ ቅርብ የሆነው መንገድ የተቃጠለ ሸክላ ነው። ካኦሊን ያለበት የሸክላ አፈር በ700 እና በ850 ዲግሪ መካከል ይቃጠላል፤ ኖራ ድንጋይ ስላይደለ ከውስጡ ካርቦን አይወጣም፤ የሚተነው ውኃ ነው። 50 እጅ ክሊንከር፣ 30 እጅ የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 እጅ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይና 5 እጅ ጀሶ ሲቀላቀሉ ጥሩ ሲሚንቶ ይወጣል፤ ጋዙም ከኦፒሲ ሲነጻጸር እስከ 40 ከመቶ ይቀንሳል። ሸክላ በኢትዮጵያ ደጋዎች ብዙ ቦታ አለ። የሸክላው ምድጃ ሙቀቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥሩ ከሰል አይፈልግም፤ እንጨትና ገለባም ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው በግንበኛው እጅ ነው። ክሊንከሩ የተቀነሰ ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው፤ ለዚያም እርጥበት ይፈልጋል። ፑሚሱም ሆነ የተቃጠለው ሸክላ ሥራውን የሚጀምረው ክሊንከሩ ከውኃ ጋር ተዋህዶ ካመነጨው ኖራ ጋር ሲገናኝ ነው። ግድግዳው በሁለተኛው ቀን ከደረቀ ያ ውህደት በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ልስኑ ይፈረፈራል። ባለቤቱም «ፒፒሲ ደካማ ነው» ይልና በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ኩንታል የሚበቃውን በሦስት ያሠራል፤ ከፋብሪካው የተቀነሰው ጋዝ በዚያች አንድ ኩንታል ይመለሳል። በመርሳ ሙቀት አዲስ ልስንና አርማታ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ፒፒሲ ከሆነ እስከ አሥራ አራት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጠዋትና ማታ ውኃ ሊጠጣ ይገባል። ውኃ በበርሚል በሚገዛበት ሰፈር ይህ ወጪ ነው። ግንበኛው ዋጋ ሲነጋገር የውኃውን ለብቻው አስልቶ ቢያስገባ፣ ባለቤቱም ከብረቱና ከአሸዋው እኩል ቢቆጥረው፣ ቤቱ በዚያው ሁለት ኩንታል ይጠነክራል።