ፍላሚንጎና መራራው ሐይቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ለሚጓዝ ሰው፤ ላንጋኖ በስተግራ ሲታይ አቢጃታና ሻላ የሚባሉት ሐይቆች በስተቀኝ ይገኛሉ። የእነዚህ የሁለቱ ውሃ ሶዳ የበዛበት ስለ ሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም። ለፍላሚንጎ ግን ይህ መራራ ውሃ የተሰናዳ ማዕድ ነው።

በአገራችን ታላቁና ታናሹ ተብለው የሚለዩ ሁለት ዓይነት ፍላሚንጎዎች አሉ። ታላቁ በውሃና በጭቃ ውስጥ የሚገኙትን ጥቃቅን ነፍሳት ይለቅማል። የታናሹ ዋና ምግብ ግን ስፒሩሊና የሚባለው፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ሕዋስ ነው። ሲመገብም ራሱን ዘቅዝቆ ምንቃሩን በግልባጩ ይነክራል፤ ምላሱ ውሃውን እየሳበ መልሶ ያስወጣል፤ በምንቃሩ ውስጥ ያሉት ስስ ክሮችም እንደ ወንፊት ምግቡን ያስቀራሉ። ጫጩቱ ሲፈለፈል ግራጫ ነው፤ ጽጌረዳ የሚመስለውን መልክ የሚያገኘው በኋላ ከዚሁ ምግብ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ታናሹ ፍላሚንጎ የሚመገብባቸው ሐይቆች ብዙ ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቢጃታና ጭቱ፤ በኬንያ ቦጎሪያና ናኩሩ ይጠቀሳሉ። ምግቡ ሲጐድልበት በሌሊት በርሮ ሐይቅ ይለውጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ዋናው የመራቢያ ስፍራው ግን አንድ ነው፤ እርሱም በሰሜን ታንዛንያ የሚገኘው የናትሮን ሐይቅ ነው። እዚያ በሶዳው መካከል ከጭቃ ጕብታ ሠርቶ አንዲት እንቁላል ይጥላል። ጅብና ቀበሮ ያን የሚያቃጥል ጭቃ በቀላሉ አይሻገሩትም። ሌስሊ ብራውን የተባለው ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ጐጆዎቹን ከአውሮፕላን ካየ በኋላ በእግሩ ሊደርስባቸው ቢሞክር፤ እግሮቹ በሶዳው ቆስለው ሆስፒታል ገብቷል።

በ2006 እ.ኤ.አ. በናትሮን ዳር የሶዳ ፋብሪካ ለማቆም የቀረበው አሳብ ብርቱ ተቃውሞ የገጠመው በዚህ ምክንያት ነው። የመራቢያው ስፍራ ቢታወክ ጉዳቱ በየሐይቁ ለሚኖረው መንጋ ሁሉ ይተርፋልና።

የእኛም አቢጃታ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከዝዋይ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲቀነስ፤ ከሐይቁም ውሃ ለሶዳ ማምረቻ ሲቀዳ ቆይቶ፤ ሐይቁ ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። ውሃው ሲጐድል የጨውና የሶዳው መጠን ይለወጣል፤ ከዚያም ጋር የወፉ ምግብ ይናጋል። መስኖም ፋብሪካም ለአገር ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የውሃ ፈቃድ የሚፈርመው ወጣት፤ ሰው የማይጠጣውን ሐይቅ ባዶ ነው ብሎ ከመወሰኑ በፊት፤ በላዩ የሚኖረውን ፍጥረት ቢቆጥር መልካም ነው።