ሣሩ ከመተከሉ በፊት የከብት መውረጃው ይወሰን

ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የሚተዉት ደለል ሩዝ አምራቹን ገበሬ ይጠቅመዋል። ይሁን እንጂ ያው ውሃ ከዳር ያለውን እርሻ እየገመሰ ይወስዳል። ግብር የሚከፈልበት መሬት ጣና ገብቶ ይተኛል።

የወንዝ ዳር የሚናደው ሙላቱ ሲያይል ብቻ አይደለም። ጎርፉ በመጀመሪያ የገደሉን እግር ይቦረቡረዋል። ከዚያም ሙላቱ ድንገት ሲጎድል፣ ውሃ ጠጥቶ የከበደው አፈር የሚደግፈው አጥቶ ይደረመሳል። በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። እስከ አፋፉ ድረስ የሚያርስ ገበሬ አፈሩን አስሮ የያዘውን ሥር በገዛ እጁ ይነቅላል።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከሚረዱት ዕፅዋት አንዱ ቬቲቨር የተባለው ሣር ነው። በ1960ዎቹ በጅማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አማካይነት ወደ አገራችን ገብቶ በተለይ በቡና አካባቢዎችና በኢሉባቦር ተስፋፍቷል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል፤ በተስማማው አፈር 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ይጠልቃል። በዘር ስለማይራባ ወደ ሩዙ ማሳ ገብቶ አረም ይሆናል የሚል ሥጋት አያስፈልግም።

አተካከሉ ቀላል ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው ገደል በአካፋና በዶማ ተዳፋት እንዲሆን ይስተካከላል። ከእናት ሣሩ ሥር የተገነጠለው ግንጣይ ቅጠሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ ይቆረጥና፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ተዳፋቱን አግድም በያዘ መስመር ይተከላል። በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር ያህል ይበቃል። በተራራ ላይ ሣር የሚተከለው በክረምት መግቢያ ነው። በወንዝ ዳር ግን ሐምሌ የተተከለውን ግንጣይ የነሐሴ ሙላት ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ወንዙ ሲጎድልና ዳሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ በጥቅምት ወር ተክሎ ለሽንኩርት በሚሠራው የውሃ ፓምፕ በበጋ ማጠጣት ይሻላል። እስከሚቀጥለው ክረምት ሥር ይሰዳል።

ሣር ሁሉን ይችላል ማለት ግን አይደለም። ወንዙ በሚታጠፍበትና ውሃው እግሩን በኃይል በሚመታው ቦታ ድንጋይ ወይም ጋቢዮን ካልታከለበት ሣሩ ከነአፈሩ ይሄዳል። በዛፍ ጥላ ሥርም አይበረታም።

ዋናው ችግር ከሣሩ ይልቅ ከብቱ ነው። የፎገራ ከብት በየቀኑ ውሃ ለመጠጣት ይወርዳል፤ በወረደበት ሁሉ አዲሱን ተክል ይረግጣል፣ ገደሉንም ይንዳል። ከብቱን ውሃ መከልከል አይቻልም። ስለዚህ መሪዎች አስቀድመው ነዋሪውን ሰብስበው፣ መሬቱ ጠንካራና ተዳፋቱ ለስላሳ የሆነ የጋራ መውረጃ መምረጥና ሌላውን ዳር መዝጋት ይገባቸዋል። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በብዙ ቦታ በገበሬው እጅ መፍረሱ ይታወሳል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ባለመሬቱ ሳይማከር መሠራቱ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሬት ነው። ማሳው በወንዙ ዳር 40 ሜትር የሚረዝም ገበሬ ከአፋፉ 3 ሜትር ሳያርስ ቢተው የሚያጣው 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ከሩብ ሄክታር ሃያኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ያም ቢሆን ጥቂት መሬት ላለው ሰው ቀላል አይደለምና፣ በዚያ ቦታ የሚበቅለውን ሣር የማጨድ መብት የባለማሳው ብቻ እንዲሆን በስብሰባ ቢወሰን ጠባቂ መቅጠር አያስፈልግም። ከአፋፉ በላይ ከብት በደንብ የሚበላውን የዝሆኔ ሣር፣ በተዳፋቱ ላይ ቬቲቨሩን መትከል ይቻላል። የቬቲቨር ቅጠል ለጋ ሳለ ለከብት፣ ሲበስል ለቤት ክዳን ይሆናል።

ግንጣይ ከሩቅ አስጭኖ ማምጣት ወጪ ያስከትላል። በመጪው ጥቅምት ለመትከል ያሰበ ቀበሌ በክረምቱ መግቢያ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ መደብ አዘጋጅቶ ማባዛት ይኖርበታል።