ገጀራው የነካው ግንድ

ከጅማ ወደ ምዕራብ ጥቂት ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለአሥርት ዓመታት ስለ ቡና ሲመራመር ኖሯል። ባለሙያዎች ለገበሬው ደጋግመው ከሚያስጠነቅቁት ነገር አንዱ ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቀው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ ጤነኛውን ግንድ በስቶ ለመግባት ብዙም አቅም የለውም፤ የሚመቸው በቁስል መግባት ነው። ቁስሉን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። አረም ሊመነጥር ገጀራውን ሲያወናጭፍ የግንዱን ሥር ይልጠዋል። የታመመውን ዛፍ የነካ ገጀራ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው ሲሻገር በሽታውን ይዞ ይሻገራል። ቅጠሉ መገርጣት የሚጀምረው ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ነው።

ስለ መንፈሳዊ ውጊያ ሲሰበክ ስሰማ ይህ ገጀራ ትዝ ይለኛል። ስብከቱ በአብዛኛው ስለ ሻጋታው ነው፤ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ፣ የት የት እንዳለ፣ ስንቱን እንዳደረቀ። ስለ ቁስሉ የሚነገረው ጥቂት ነው። ገጀራውማ ጭራሽ አይነሳም።

ከጅማ ቀበሌዎች አንዱ በሆነው በቦሳ አዲስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዓይኑን የገለጠ ሰው ንቃትን በጆሮው ይሰማታል። የሱብሒ አዛን ይጣራል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ኪዳን ይሰማል፤ የአዳር ጸሎት ላይ የቆዩ ወንጌላውያን ነጠላቸውን ተከናንበው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ሁሉም ነቅቶ ያደረ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከነጋ በኋላ ነው። ረፋዱ ላይ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ያልመጣችው ጎረቤት ስም ሲነሳ፣ ያ ሌሊቱን ነቅቶ ያደረው ሰው የት ገባ? እኔ ራሴ ከቅዳሴ መልስ እንዲህ ያለ ቡና ላይ ተቀምጬ የአንዲትን ሴት ትዳር ሲበልቱት ሰምቻለሁ፤ ከመስማትም አልፌ ያልተጠየቅሁትን ጨምሬበታለሁ። ያን ቀን ሰይጣን በየት ገባ ብባል በሩን የከፈትኩትም፣ ወንበር የሳብኩለትም እኔው ነኝ።

የምንጠቀምባቸውን ቃላት እንያቸው። በኦርቶዶክሱ ዘንድ የቆየው ቃል ጾር ነው፤ የሐሳብ ጾር፣ የዝሙት ጾር ይባላል። በወንጌላውያኑ ዘንድ የሚዘወተረው ውጊያ ነው። ጾር ያለበት ሰው ጾሩ የተነሳው በራሱ ላይ መሆኑን ያውቃል። ውጊያ ላይ ነኝ የሚል ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ የሚዋጋውን መፈለጉ አይቀርም፤ ጠላቱም በዓይን የሚታይ ቢሆንለት ይመርጣል። ሕመም ሲጸና መተት፣ ንግድ ሲከስር ድግምት፣ ልጅ ሲከሳ ቡዳ የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። ከእያንዳንዱም ጀርባ የአንድ ጎረቤት ስም በሹክሹክታ ይነሳል። በዚህ ነገር ኦርቶዶክስና ወንጌላዊ ብዙም አይለያዩም፤ ቃሉ ይለያይ እንጂ ጥርጣሬው አንድ ነው።

ንቃት ዘብ ነው ካልን፣ ዘቡ በተሳሳተ በር ላይ ሲቆም የመጀመሪያችን አይደለም። ዛሬ ከእጃችን የማይጠፋው ቡና ረጅም ዘመን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው ተብሎ የተነቀፈ ነበር። ነገሩ የላላው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማለዘብ ስማቸው ይነሳል። ያን ሁሉ ዘመን ስኒው ተጠበቀ፤ በስኒው ዙሪያ የሚቀመጠው ሐሜት ግን ጠባቂ አላገኘም።

የውጊያ ስብከት ሁሉ መነሻ የሆነውን የኤፌሶን መልእክት ስድስተኛ ምዕራፍ ረጋ ብሎ ማንበብ ብዙ ነገር ያስተካክላል። ጳውሎስ እስረኛ ነው። የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ እንደሚነግረን በሮም የሚጠብቀው ወታደር አብሮት ይኖር ነበርና ትጥቅ ሲዘረዝር ከሩቅ ያየውን አያወራም። ቀበቶ፣ ጥሩር፣ ጫማ፣ ጋሻ፣ የራስ ቁር፣ ሰይፍ፤ ከስድስቱ ሰው የሚመታበት ሰይፉ ብቻ ነው። ትእዛዙም ጸንታችሁ ቁሙ ነው፤ ውጡና አሳድዱ የሚል የለበትም። ከዝርዝሩ አስቀድሞ ደግሞ ትግሉ ሥጋና ደም ካለው ሰው ጋር እንዳልሆነ ይናገራል። በሰንሰለት የያዘው ወታደር እንኳ ጠላቱ አልነበረም። ትጥቁን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሥጋና ደም የምትለዋን ቃል ግን እናልፋታለን።

በጅማ ዙሪያ ላለ ሰው ይህች ቃል ዋጋ ታስከፍላለች። በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አሰንዳቦ ቁርዓን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሳ። በዚያችና በአካባቢዋ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ አብዛኞቹ የወንጌላውያን ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ይህን ያየ ሰው ጠላቴ ሥጋና ደም አይደለም ማለት በአፍ እንደሚቀለው በሆድ አይቀለውም። እሳቱን የለኮሰው እጅ ሥጋና ደም ነበረው፤ ፍርድ ፊት መቅረብም አለበት። ጳውሎስ ራሱ ፍርድ ሲጓደልበት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏልና ይህን አይነቅፍም። የሚከለክለው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ ምንም ያልበደለውን ሙስሊም ጎረቤት ሰላምታ መንፈግን፣ ወሬን በወሬ መመለስን። አሰንዳቦን ያቀጣጠለው ወሬ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የደረሰውን ሳያጣራ የሚያስተላልፍ ክርስቲያን ገጀራውን ሳያጸዳ ከግንድ ወደ ግንድ እየዞረ ነው።

ታዲያ ዘቡ የት ይቁም? ለዚህ ጥያቄ በጣም ዝርዝር መልስ ያላቸው የበረሃ አባቶች ናቸው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኢቫግሪዮስ መነኩሴን የሚዋጉትን ሐሳቦች ስምንት አድርጎ ቆጥሯቸዋል፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ሀኬት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። ስምንቱም የሚዋጉት በሰውየው ልብ ውስጥ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት፣ በተለይ የሲናው ዮሐንስ፣ ሐሳብ ኃጢአት እስኪሆን የሚሄድበትን መንገድ ለይተው አሳዩ። ሐሳቡ መጀመሪያ ብቅ ይላል፤ ይህ ብቻውን በደል አይደለም። ቀጥሎ ሰውየው ያነጋግረዋል። ከዚያ ይስማማል፣ ከዚያ ይማረካል፣ በመጨረሻ ይለምደዋል። በእኛም አገር ማር ይስሐቅ፣ ፍልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ መጻሕፍተ መነኮሳት ተብለው፣ ትርጓሜ ተሠርቶላቸው በጉባኤ ቤት ትምህርት ይሰጥባቸዋል። የሚያሳዝነው ትምህርቱ ከገዳም በር ብዙም አለመውጣቱ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ቁጣ፣ ነጋዴ ፍቅረ ንዋይ የማይፈትናቸው ይመስል!

እስቲ ደረጃዎቹን ከበረሃ አውጥተን ጀንፈል በሚመዘንበት ደጅ እንያቸው። ገበሬው ጆንያውን በአህያ ጭኖ መጥቷል። ቡናውን የሚገዛው ሰብሳቢ ክርስቲያን ነው፤ ማዕተቡ ከአንገቱ ላይ ይታያል። ሚዛኑን ትንሽ ቢቀሽብ ገበሬው እንደማያውቅ ይታወሰዋል። ይህ ሐሳብ ለማንም ይመጣል። ከዚያ ጭውውቱ ይጀምራል፦ እሱም እኮ ያልደረቀ ቀላቅሎብኛል፤ አምና ከስሬያለሁ፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጭውውቱን አደገኛ የሚያደርገውም እሱ ነው። ንቃት የምትባለው በሐሳቡና በጭውውቱ መካከል ያለችው አጭር ጊዜ ናት። እዚያች ላይ በስመ አብ ብሎ እጁን ከሚዛኑ ያነሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ ያመልጣል። ሚዛኑን አሥር ዓመት ከለመደ በኋላ የሰይጣን ውጊያ በዛብኝ ጸልዩልኝ የሚለው ሰው ግን ቅጠሉ ከገረጣ በኋላ የደረሰ ገበሬ ነው።

ንቁ የሚለውን ማስጠንቀቂያ፣ ከሚያገሣው አንበሳ ምሳሌ ጋር፣ የጻፈልን ጴጥሮስ ነው። ይህንኑ ትምህርት የተማረው በውድቀቱ ነው። በጌቴሴማኒ ጸልይ ሲባል ተኛ። ሰይፍ ለመምዘዝ ግን ማንም አልቀደመውም፤ የአንድ አገልጋይ ጆሮ ቆረጠ። አርጅቶ ሲጽፍ ከንቁ አስቀድሞ በመጠን ኑሩ አለ፤ ከዚያም አስቀድሞ ጭንቀታችሁን በእግዚአብሔር ላይ ጣሉት አለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። የፈራ ሰው አይተኛም፤ አለመተኛቱ ግን ነቅቷል አያሰኘውም። በጅማ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጫት ምርቃና ውስጥ ያለ ሰውም ዓይኑ እንደፈጠጠ ያነጋል።

ድካምን ሁሉ ለሰይጣን መስጠትም ሌላ እንቅልፍ ነው። ኤልያስ ሞትን በለመነበት ቀን መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ እንደገና ተቀስቅሶ በላ። ክፉ መንፈስ ያወጣለት የለም። በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒት ትተው ሲሞቱ ያዩት የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። በእኔ አስተያየት በዘመናችን ስለ መንፈሳዊ ንቃት ከተሰጡት ትምህርቶች ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው፤ ጠላት በጸሎት ውስጥ እንኳ ቀዳዳ እንደሚፈልግ አይቶ የዘጋ ምክር ነውና።

ይህን የምታነቡ ክርስቲያኖች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለአንድ ሳምንት፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ በዕለቱ የተቆጣችሁበትን፣ ያማችሁበትን ወይም ሚዛን የቀሸባችሁበትን ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ። ምክንያቱን አትጻፉ፤ ሰዓቱን ብቻ። በሰባተኛው ቀን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና የትኛው ሰዓት እንደተደጋገመ እዩ። በማግስቱ ዘባችሁን እዚያ ሰዓት ላይ አቁሙት።