የምታዳምጠን ልጅ ስንት ዓመት ተማረች?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እዚህ ካኩማ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናት ያነሱት ጥያቄ ነው። እኚህ እናት እንቅልፍ ካጡ ቆይተዋል። ክሊኒክ ሲሄዱ ወደ ካውንስሊንግ ተመሩ። ሄዱ፣ ገቡ፣ ቁጭ አሉ፤ አንድም ነገር ሳይናገሩ ተመለሱ። ለምን ቢባሉ፣ «አስተርጓሚው የጎረቤቴ ልጅ ነው። እኔ የደረሰብኝን ለሱ ልናገር? ደግሞስ ያቺ የምታዳምጠኝ ልጅ ዶክተር ናት ወይስ እንደኛው ስደተኛ? ስንት ዓመት ተማረች?» አሉ። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም። ጠይቀንና አንብበን ያገኘነውን ይኸው እናቀርባለን።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ፤ እኛ ሁሉንም «ካውንስለር» እንላለንና። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ ሕክምና ተምሮ ሲያበቃ በአእምሮ ሕመም ስፔሻላይዝ ያደረገ፣ መድኃኒት የሚያዝ። የሳይኮሎጂስት መሣሪያ ግን ንግግርና ልምምድ ነው፤ እዚህ አገር ክኒን አይጽፍም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚባለው ከበድ ያለውን ሕመም መርምሮ ማከም ላይ ያተኩራል፤ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂስት ደግሞ ሐዘኑን፣ የትዳር ጭቅጭቁን፣ የኑሮ ጭንቀቱን ይይዛል። በሥራ ላይ ድንበሩ ብዙም አይታይም። በየብሎኩ የሚዞሩት ወንድሞችና እህቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱም አይደሉም። ከስደተኛው መካከል ተመርጠው አጭር ስልጠና የወሰዱ ኢንሴንቲቭ ሠራተኞች ናቸው።

የትልቁ ትምህርት መንገድ ረጅም ነው። የሚገርመው፣ ሙያውን ያሳደገው ጦርነት መሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ አእምሯቸው የተጎዳ ብዙ ወታደሮች ነበሯት፤ አካሚ ግን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1949 በኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ በተደረገ ጉባኤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም አካሚም ሆኖ ይሰልጥን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያው ስቴት ቬይል ላይ የተሰበሰቡት ደግሞ ከምርምሩ ይልቅ ሕክምናው ላይ የሚያተኩረውን ሳይዲ የተባለ ዶክትሬት ደገፉ። ዛሬ እዚያ ዶክትሬቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ አንዱ ዓመት ሙሉውን በሥራ ላይ ልምምድ የሚያልፍ ነው። እዚህ ኬንያ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ያስተምራል። ዩ.ኤስ.አይ.ዩ. የተባለው የግል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የካውንስለሮችና የሳይኮሎጂስቶች ሕግም አለ፤ ሙያው በምዝገባና በፈቃድ እንዲሠራ የሚያዝ።

ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ይማራሉ? መጽሐፉ አንድ ነገር ነው። ከባዱ ልምምዱ ነው። ተማሪው ከታማሚ ጋር ይቀመጣል፣ ከዚያ ወጥቶ ምን እንደጠየቀ፣ የት ላይ እንደቸኮለ፣ የት ላይ ፈርቶ ወሬ እንደቀየረ ለአንድ አንጋፋ ባለሙያ ያስረዳል። ይህን ሱፐርቪዥን ይሉታል። ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ አስቀድሞ የባለጉዳዩን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዝም ማለትን መማር ነው አሉ። እኛ አገር ሰው ሲያለቅስ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል፣ ተይው በቃ» ብሎ ማስቆም ደግነት ነው። እነሱ ግን እንባው እስኪያልቅ መጠበቅን ይማራሉ።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ለፈረንጅ ሰባት ዓመት የተማረ፣ ለኛ የሳምንታት ስልጠና የወሰደ! እውነቱን ለመናገር እኛንም አናዶን ነበር። ነገር ግን ኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር የተሠራውን ስናነብ ትንሽ በረድ አልን። እዚያ የጀርመኑ የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስቶች ራሳቸው ስደተኞች የሆኑ ሰዎችን ለስድስት ሳምንት ያህል አሰለጠኑ፤ በ277 የሩዋንዳና የሶማሌ ስደተኞች ላይም ውጤቱን ለኩ። አንደኛው ዘዴ የሕይወትን ታሪክ ከልጅነት ጀምሮ በቅደም ተከተል ማስተረክ ነው፤ መሬት ላይ ገመድ ተዘርግቶ ለመልካሙ ቀን አበባ፣ ለክፉው ቀን ድንጋይ ይቀመጥበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት መሠረት በዚህ ዘዴ ከታከሙት ከመቶ 70 ያህሉ፣ በሌላው የምክር ዘዴ ከታከሙት 65 ያህሉ ኋላ ላይ ሲመረመሩ ሕመሙ አልተገኘባቸውም፤ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ግን 37 ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ስደተኛ መሆኗ ጉድለት አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ ከጀርባቸው ሙያውን የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። ያ ከሌለ አጭሩ ስልጠና ብቻውን ያሳስበናል።

ስለዚህ ሲሄዱ ይጠይቁ፤ «ማን ነው አንቺን የሚከታተልሽ? ከአቅምሽ በላይ ሲሆን ወዴት ትልኪኛለሽ?» ነውር የለውም። ምስጢርም በሕግና በሙያው ደንብ የተጠበቀ ነው፤ ራስን ወይም ሌላውን የመግደል ስጋት ሲኖር፣ ወይም ሕፃን ሲበደል ግን ለሚመለከተው ይነገራል። ይህንን ደግሞ ገና ሳይጀመር ሊነግሯችሁ ይገባል። አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ካልተመቻችሁ ሌላ ሰው፣ ሴት ከሆናችሁ ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። የስንቱ ጉዳይ በዚህ እንደሚበላሽ እኛ እናውቃለን። እና ደግሞ፣ «ለሪሴትልመንት ኬስህ ወረቀት አጽፍልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ እሱ ካውንስለር አይደለም፤ ሌባ ነው።

አንዲት ልጃችን ፎርም ፎር ጨርሳ ሳይኮሎጂ እማራለሁ ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ዳፊ የተባለው የስደተኞች ስኮላርሺፕ በዋነኛነት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምር ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ደግሞ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አይኮንም። ማስተርሱን ማን ይከፍላል? አባቷ «ነርስ ብትሆን ይሻላል፣ ቶሎ ሥራ ታገኛለች» ይላሉ፤ ራሽን በሚቀነስበት ዘመን አይፈረድባቸውም። እሷ ግን «በአማርኛ የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር አስተርጓሚ ባላስፈለገ ነበር» ብላ መለሰችላቸው። ማመልከቻዋን እየሞላች ነው።

እናታችን ባለፈው ማክሰኞ እንደገና ሄደዋል። ከሌላ ዞን የመጣች ሴት አስተርጓሚ አገኙ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅናቸውም። «ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጥራኛለች» ብቻ አሉን።