የጨዋታ መሣሪያ ሲገዛ ከዋጋው በፊት የሚታይ ነገር

በባሕር ዳር ከተማ ወጣቶች እየከፈሉ በቴሌቪዥን ኳስ የሚጫወቱባቸውን፥ በተለምዶ «ፕሌይስቴሽን ቤት» የሚባሉትን ክፍሎች የማያውቅ ነጋዴ የለም። እንዲህ ያለ ቤት ለመክፈት ወይም መሣሪያውን አምጥተው ለመቸርቸር የሚያስቡ፥ ነገር ግን ካፒታላቸው አነስተኛ የሆነ ነጋድያን፥ ከመራዊና ከቆጋ አካባቢ የሚመጡት ጭምር፥ በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ርካሹ የትኛው ነው?» ብለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ዲስክ የሚቀበል መሆን አለመሆኑ ነው።

የማይክሮሶፍት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የተባለውን በ299 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፥ በዚያው ወር የወጣው ባለዲስኩ የሶኒ ፕሌይስቴሽን 5 ዋጋው 499 ዶላር ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የ200 ዶላር ልዩነት ለማንም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ ሲሪስ ኤስ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ጨዋታው ሁሉ በኢንተርኔት ተገዝቶ የሚወርድ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን፤ በሞባይል መስመር ብቻ የሚገለገል ባለቤት በዚያን ጊዜ አንድ አዲስ ጨዋታ እንኳ ሊጨምርበት ባልቻለም ነበር። ዲስክ ግን ዕቃ ነው፤ ይሸጣል፥ ይለወጣል፥ ይከራያል።

ስለዚህም ለአነስተኛ ካፒታል እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4፥ ያገለገለም ቢሆን፥ ተመራጭ ነው። ዲስኮቹ ከጥቂቶች በቀር በባለዲስኩ ፕሌይስቴሽን 5 ስለሚሠሩ፥ ነጋዴው ወደ ፊት መሣሪያውን ቢለውጥ ያከማቸው ሁሉ ከንቱ አይቀርበትም። ፕሌይስቴሽን 3 ከዚህ ይረክሳል፤ ነገር ግን ዲስኮቹ በ4ኛው አይሠሩም፤ የፊፋ ጨዋታም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ፊፋ 19 ላይ ተቋርጦበታል። ኳስ ወዳድ ደንበኛ ደግሞ የሚፈልገው የዘንድሮውን ቡድን ነው። በነገራችን ላይ፥ ይኸው ጨዋታ ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ስለ ሆነ፥ «ፊፋ» ብሎ የሚያዝዝ ነጋዴ የሚላክለት አሮጌው ነው።

የኒንቴንዶ ስዊች በባትሪም ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ለቤተሰብ ይመቻል፤ ለጨዋታ ቤት ግን አይመከርም።

በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካ የሚመጣውን ኤክስቦክስ 360 በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኀይል ማስተላለፊያው ሣጥን ለ110 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ በኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። የማንኛውም መሣሪያ ቮልት ከነማስተላለፊያው ተነብቦ ይገዛ።

ያገለገለ ሲገዛ ዲስክ አስገብቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማስኬድ፥ የማራገቢያውንም ድምፅ ማዳመጥ ይገባል። ጆይስቲክ ሁለት መሆን አለበት፤ አስቀድሞ የሚያልቀውም እርሱ ስለ ሆነ፥ አስመጪዎች መሣሪያውን ሲያዝዙ ትርፍ ጆይስቲክ አብረው ቢያዝዙ ገዢ አያጡም።