ስለ ሴሽን ዕድሜና ስለ ትራንዛክሽን ማኅተም

በጃቫ የተሠራ አንድ የድረ ገጽ መተግበሪያ ጠዋቱን ሁሉ ያለ እንከን ሲያገለግል ቆይቶ፣ የአንድ ደንበኛ የትእዛዝ ዝርዝር በገጹ ላይ ሊነበብ ሲል፣ «ሴሽን የለም» የሚል አጭር ቃል በሎጉ ላይ አስፍሮ የቆመ እንደ ሆነ፣ ባለሙያው አስቀድሞ የሚመረምረው ስሕተቱ የታየበትን መስመር ነው፤ ዳሩ ግን ጥፋቱ ቀደም ብሎ፣ ሴሽኑ በተዘጋበት ወሰን ላይ ስለ ተፈጸመ፣ ያን መስመር ቢያገላብጠው ምንም አያገኝበትም። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ይህ ነው፤ የሴሽንና የትራንዛክሽን ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ስሕተት ነው፤ ማን ከፈተው፣ ማን ዘጋው፣ በመካከሉስ ማን በእጁ ይዞ ዘገየ ብሎ መጠየቅን ይፈልጋል።

ሴሽን የሚለውን ስም እዚህ የምወስደው ሃይበርኔት ከሚባለው መሣሪያ ነው። ይህንን መሣሪያ ጋቪን ኪንግ ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (የኋለኞቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ2001 ዓ.ም. የጀመረው፣ በዚያ ዘመን የነበረው የጃቫ ሥርዓት በዳታቤዝ ያለውን ለመጻፍና ለማንበብ እጅግ የከበደ ሸክም ስለ ነበረ ነው። በ2006 ዓ.ም. ጄፒኤ የተባለው ደንብ ሲወጣ ከሃይበርኔት ብዙ ነገር ወረሰ፤ በዚያ ደንብ ሴሽን «ኢንቲቲ ማኔጀር» ተብሎ ይጠራል።

የሴሽንን ጠባይ ለማስረዳት የቀድሞውን የግምጃ ቤት ጸሐፊ ማሰብ ይበቃል። ጸሐፊው ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ የተጠየቀውን ገጽ ያወጣል፤ ያወጣውንም በጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ ያው ገጽ ዳግመኛ ቢጠየቅ ወደ መዝገብ ቤቱ ሳይመለስ በጠረጴዛው ያለውን ይሰጣል፤ በገጾቹ ላይ የተደረገውንም ለውጥ ሁሉ ተከታትሎ በመጨረሻ ወደ ዋናው መዝገብ በአንድነት ያሰፍራል። ሴሽን የሚሠራው ይህንኑ ነው። አንዱ ሴሽን ለሁለት ባለጉዳይ በአንድ ጊዜ እንዲያገለግል አልተሠራም፤ በአንድ ሴሽን ላይ ሁለት የሥራ ክሮች እጃቸውን ያስገቡ እንደ ሆነ መዝገቡ ይታወካል።

እንግዲህ ሃይበርኔት ደንበኛውን ከዳታቤዝ ሲያመጣ የደንበኛውን ትእዛዞች ሁሉ አብሮ አይጎትትም፤ በስፍራቸው አንድ ወኪል ያኖራል፤ ወኪሉም በተነካ ጊዜ ጸሐፊውን ልኮ እውነተኛውን ዝርዝር ያስመጣል። ይህ ብዙ ድካም የሚያድን ጥበብ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ጠረጴዛውን አጥፎ ከሄደ በኋላ ገጹን የሚያዘጋጀው ክፍል ወኪሉን ቢነካው፣ ወኪሉ የሚልከው አጥቶ «ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን» የተባለውን ጩኸት ያሰማል። ለዚህ ብዙዎች የሚይዙት ፈውስ ገጹ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ሴሽኑን ክፍት አድርጎ ማቆየት ነው፤ ስፕሪንግ ቡት የተባለው የጃቫ መሣሪያም ካልከለከሉት በቀር በገዛ ፈቃዱ እንዲሁ ያደርጋል። እኔ ግን ይህን መድኃኒት አልወደውም። ሴሽኑ የተበደረው የዳታቤዝ ግንኙነት ገጹ እስኪያልቅ ድረስ ታስሮ ይቆያል፤ ደግሞም መቶ ደንበኞችን በአንድ ጥያቄ ያመጣ ገጽ የእያንዳንዱን ትእዛዝ ለማየት ሌላ መቶ ጥያቄ ሲልክ ማንም ሳያየው ይኖራል። ገጹ የሚሻውን አስቀድሞ አውቆ፣ በአንዱ ጥያቄ ውስጥ «ጆይን ፌች» በሚለው ቃል ትእዛዞቹን አብሮ ማስመጣት የተሻለ ነው።

ትራንዛክሽን ከሴሽን ጋር ሲጠራ ስለሚኖር ብዙ ሰው አንድ ነገር ያደርጋቸዋል፤ ሴሽን ግን ጸሐፊው ሲሆን ትራንዛክሽን ውሉ ነው፤ ውሉ የሚጸናበት ፍጻሜም ማኅተሙ ነው። በትራንዛክሽን ላይ ስለ ሠራው ሥራ በ1998 ዓ.ም. የቱሪንግን ሽልማት የተቀበለው ጂም ግሬይ፣ በ1981 ዓ.ም. በጻፈው ጥናት ትራንዛክሽንን ከሰው ልጅ የውል ሕግ ጋር አስተያይቶ፣ የክርስቲያን ጋብቻን ሥርዓት ለምሳሌ አምጥቷል። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ዘመን ሙሉ ሲመካከሩ ቢኖሩ እንኳ፣ ካህኑ ሁለቱን ጠይቆ ሁለቱም እሺ እስካላሉ ድረስ አልተጋቡም፤ ካሉ ግን ተጋቡ፤ በመካከሉ ግማሽ ጋብቻ የለም። የተክሊልን ሥርዓት ቆሞ ላየ ሰው ከዚህ የሚሻል ማብራሪያ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ከዚህ ምሳሌ ተነሥተን ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበትን ስፍራ እንመልከት። በስፕሪንግ «ትራንዛክሽናል» የሚለውን ምልክት በአንድ ሥራ ራስ ላይ ያኖረ ሰው፣ ማናቸውም ክፉ ነገር ቢደርስ ሁሉ ይፈርሳል ብሎ ይታመናል። ሥርዓቱ ግን ካልታዘዘ በቀር የሚያፈርሰው «ራንታይም ኤክሴፕሽን» ወይም «ኤረር» ሲነሣ ብቻ ነው፤ «ቼክድ» የሚባለው ዐይነት ኤክሴፕሽን ቢነሣ ውሉን ያትመዋል። ስለዚህ ከአንዱ ሒሳብ ብር ተቀንሶ፣ ለሌላው ሳይጨመር፣ መዝገቡ ታትሞ ሊያድር ይችላል። የዚህ ተገላቢጦሽም አለ፤ በትራንዛክሽኑ ውስጥ የተጠራ፣ ያው ምልክት ያለበት ሌላ ሥራ ራንታይም ኤክሴፕሽን አንሥቶ፣ የጠራው ሥራ ያን ኤክሴፕሽን ይዞ ዝም ቢያሰኘው፣ ውሉ አስቀድሞ ለመፍረስ ተፈርዶበታልና፣ ሁሉ ሰላም በመሰለ ጊዜ በማኅተሙ ደጃፍ «አንኤክስፔክትድ ሮልባክ» የሚል ስሕተት ይነሣል። ምልክቱም የሚሠራው ስፕሪንግ በደጃፍ ባቆመው በረኛ አማካይነት ስለ ሆነ፣ በዚያው ክላስ ውስጥ አንዱ ሥራ ሌላውን ቢጠራ፣ ጥሪው በደጅ አላለፈምና ትራንዛክሽን አይከፈትም።

ዳታቤዞቹም ጠባያቸው ይለያያል። በፖስትግሬስ አንድ ትእዛዝ ከተሰናከለ በኋላ ያ ትራንዛክሽን እስኪፈርስ ድረስ የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ ይመለሳል፤ በሎጉ ላይ የሚደረደረው የኋለኛው ጩኸት ሁሉ የመጀመሪያው ልጅ ነውና መፈለግ ያለበት መጀመሪያው ነው። በማይኤስኪውኤል ደግሞ አንድ ትራንዛክሽን ሌላው የያዘውን ቁልፍ ሲጠብቅ 50 ሰከንድ ቢያልፈው፣ በተለመደው አቀማመጥ የሚፈርሰው የመጨረሻው ትእዛዝ ብቻ እንጂ ትራንዛክሽኑ በሙሉ አይደለም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ግማሹን ሥራ ሳያውቅ ያትማል።

የቀረው የግንኙነቶች ነገር ነው። ሂካሪ የሚባለው የግንኙነት ማከማቻ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ ከ10 በላይ ግንኙነት አይዝም፤ የጠየቀውንም 30 ሰከንድ አቆይቶ ካላገኘለት በስሕተት ያሰናብተዋል። እያንዳንዱ ባለጉዳይ አንድ ግንኙነት ለ5 ሰከንድ የሚይዝ ቢሆን፣ ማከማቻው በየሰከንዱ የሚያስተናግደው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ በየሰከንዱ ሦስት ከመጡ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስሕተቱ ይጀምራል።

በአንድ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት የደረሰው ይኸው ነበር። መተግበሪያው በየቀኑ ገበያ በሚደራበት ሰዓት ይቆም ነበርና ግንኙነቶቹን ከ10 ወደ 50 ከፍ አደረግናቸው፤ መቆሙ ግን ጥቂት ደቂቃ ዘገየ እንጂ አልቀረም። በዳታቤዙ በኩል ብንመለከት ግንኙነቶቹ ትራንዛክሽን እንደ ከፈቱ ምንም ሳይሠሩ ተቀምጠዋል። በኋላ ሂካሪ የዘገየውን ተበዳሪ እንዲያጋልጥ የሚያደርገውን፣ ካልተነካ ዜሮ ሆኖ የሚኖረውን መቈጣጠሪያ በ10 ሺህ ሚሊሰከንድ ላይ አቆምነው፤ ሎጉም ግንኙነቱ የተበደረበትን ስፍራ ገለጠ። ክፍያውን የሚመዘግበው ሥራ ከማኅተሙ በፊት ለደንበኛው የደረሰኝ ኢሜይል ይልክ ነበር፤ የኢሜይሉ ሰርቨር በዘገየ ቍጥርም ትራንዛክሽኑ ተከፍቶ አብሮት ይጠብቅ ነበር። ኢሜይሉን የሚልከውን መስመር ከማኅተሙ በኋላ እንዲመጣ አደረግነው፤ ግንኙነቶቹንም ወደ 10 መለስናቸው።